ጠበቃ የሚፈለገው ከሐራጁ በፊት ነው

ርዕሰ አንቀጽ



በዚህች የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ዘወትር የሚለጠፈው የጽዳት ዘመቻ ቀን፣ የጥበቃ መዋጮ፣ የውሃ ፈረቃና የስብሰባ ጥሪ መሆኑ የታወቀ ነው። በዛሬው ዕትማችን ግን ሰው በአደባባይ ሊያነሣው የማይወደውን፣ በየቤቱ ግን እንቅልፍ የሚነሣ አንድ ጉዳይ ማንሣት ግድ ሆኖብናል። ጉዳዩም ለባንክ ብድር በመያዣነት የተሰጠ ቤት ለሐራጅ ሲቀርብ፣ ባለቤቱ መብቱን የሚያስከብርለት ጠበቃ መቼና እንዴት መፈለግ እንዳለበት ነው።

ለዚህ ያነሣሣን ምክንያት አለ። ባለፉት ወራት የሐራጅ ማስጠንቀቂያ የደረሳቸው ጎረቤቶቻችን ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት መጥተው ምክር ጠይቀዋል። የሁሉም ችግር በዝርዝሩ ቢለያይም በአንድ ነገር ይመሳሰላል፤ ሁሉም የመጡት ቀኑ ካለፈ በኋላ ወይም ሊያልፍ ጥቂት ሲቀረው ነው። አንድ አባወራ ደብዳቤውን ከባለቤታቸው ደብቀው ሦስት ሳምንት ሙሉ በኮት ኪሳቸው ይዘውት ዞረዋል። አንዲት እናት ደግሞ «እርስዎ አያስቡ፣ እኔ ሰው አለኝ፣ አስቆምልዎታለሁ» ላላቸው ሰው በእጃቸው ያለችውን ጥሪት አስረክበው ሲያበቁ፣ ሰውየው ስልኩን ዘግቶባቸዋል።

«ሰው በገዛ ቤቱ ጉዳይ እንዴት ይህን ያህል ይዘናጋል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ለእኛ ነገሩ ከመዘናጋት ይልቅ ሐፍረት ይመስለናል። በሰፈራችን ሰው ቢታመም እንጠይቃለን፣ ቢሞትበት እናስተዛዝናለን፤ ዕዳ ሲከብደው ግን እሱም ይደበቃል፣ እኛም ከበስተኋላው እናንሾካሹካለን። ይህ ሐፍረት የቤት ዋጋ እያስከፈለን ነው። ስለዚህ ነገሩን በግልጽ አውጥተን እንነጋገርበት።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3060 ላይ፣ ዕዳው በጊዜው ካልተከፈለ አበዳሪው በሕግ የታዘዘውን ሥርዓት ሳይጠብቅ በመያዣነት የያዘውን ቤት ይወስዳል ወይም ይሸጣል የሚል ውል ዋጋ እንደሌለው ይደነግጋል። በዚህ መሠረት አበዳሪ ሁሉ ቤት ለማሸጥ መክሰስ፣ ማስፈረድና ፍርዱን ማስፈጸም ነበረበት። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ግን ለባንኮች ልዩ መብት ሰጠ። ባንኩና ደንበኛው በውላቸው ከተስማሙ፣ ብድሩ በጊዜው ሳይከፈል ሲቀር ባንኩ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ ለባለዕዳው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ቤቱን በሐራጅ መሸጥና ስሙን ወደ ገዢው ማዛወር ይችላል። በሁለተኛው ሐራጅም ገዢ ካልቀረበ፣ ለመጀመሪያው ሐራጅ በተቆረጠው መነሻ ዋጋ ባንኩ ራሱ ቤቱን ሊረከብ ይችላል።

እዚህ ላይ «በውላቸው ከተስማሙ» የሚለው ሊሰመርበት ይገባል። ይህ ስምምነት ያለው ብድሩን ስንቀበል፣ በደስታም በጥድፊያም ገጽ በገጽ በምንፈርመው ወፍራም ሰነድ ውስጥ ነው። ስንቶቻችን አንብበን ፈረምን? «እዚህ ጋ ይፈርሙ፣ እዚህም ጋ፣ እዚህም» ሲባል ያልፈረመ እጁን ያውጣ።

ሕጉ ለባንኩ መብት እንደሰጠ ሁሉ ግዴታም ጥሎበታል። ይኸው አዋጅ፣ በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ውስጥ ስለ ሐራጅ ሽያጭ የተደነገገው እንደ አግባቡ በባንክ ሐራጅም ላይ ተፈጻሚ እንዲሆን ያዛል። ባንኩ ይህን ሥርዓት ጥሶ በባለዕዳው ላይ ጉዳት ቢያደርስ ኃላፊ መሆኑንም ይናገራል። እንግዲህ «ባንክ ያሻውን ያደርጋል፣ ምን ይደረጋል» ብሎ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ትክክል አይደለም። በአንጻሩ ደግሞ «የሐራጁ ዕለት ፍርድ ቤት ሄጄ አሳግደዋለሁ» ብሎ መተማመንም አደገኛ ነው፤ አዋጁ ለባለዕዳው በግልጽ ያስቀመጠለት መድኅን የጉዳት ካሣ ነውና። ካሣ ደግሞ ቤቱ ከሄደ በኋላ የሚጠየቅ፣ ማስረጃና ጊዜ የሚፈጅ ነገር ነው። በካሣ ክርክር ላይ ሆኖ ልጅን የሚያስጠልል ጣራ የለም።

ለባንኮቹም ቢሆን እውነቱን መናገር ይገባል። ባንክ የሚያበድረው ገንዘብ ከሰማይ አይወርድም፤ የዕድራችን ተቀማጭ፣ የጡረተኛው ቁጠባ፣ የነጋዴው የዕለት ሽያጭ ነው። የተበደረ ሁሉ ካልከፈለ ያስቀመጠው ምን ይሆናል? ስለዚህ ዕዳ አለመክፈልን የምናበረታታ እንዳይመስልብን። የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቤቱ መሸጡ ካልቀረ ሕጉ ባዘዘው ሥርዓት፣ በተገቢው ዋጋ፣ ባለቤቱ እያወቀ ይሸጥ። አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደችው በቅሎዬ ይልቅ ያለ ፍርድ የሄደችው ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» የሚሉት ለዚህ ነው።

ጠበቃ የሚያስፈልግባቸው ሦስት ጊዜያት

የመጀመሪያው ጊዜ የብድርና የመያዣ ውሉ ከመፈረሙ በፊት ነው። በዚያን ሰዓት ጠበቃ መያዝ ለብዙዎቻችን ቅንጦት ይመስላል። ነገር ግን አንድ የሕግ ባለሙያ ውሉን ለአንድ ሰዓት ቢያነብልን የምንከፍለው፣ በኋላ ከሚመጣው ወጪ ጋር የሚወዳደር አይደለም። በተለይ ለሌላ ሰው ብድር ቤታችንን በመያዣ የምንሰጥ ከሆነ፣ ማለት ለወንድም፣ ለልጅ፣ ለአብሮ አደግ ወዳጅ የንግድ ብድር ብለን ካርታችንን የምናስይዝ ከሆነ፣ ለምን ያህል ገንዘብ እንደተያዝን፣ ወደፊት ብድሩ ሲጨመርም መያዣው ይከተል እንደሆነ ማወቅ አለብን። «ስሙ ብቻ ነው እንጂ ምንም አይመጣም» ተብሎ የተፈረመ ወረቀት፣ ቀኑ ሲደርስ የሚያውቀው የፈረመውን እጅ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጊዜ ክፍያው የዘገየበት የመጀመሪያው ወር ነው። በባንክ አሠራር ክፍያው 90 ቀን ያለፈው ብድር ከጤነኛው ወጥቶ ከተበላሸ ብድር ይመደባል። ከዚያ በፊት ባንኩን መነጋገር ይቀላል፤ የመክፈያ ጊዜው እንዲራዘም፣ ወርኃዊ ክፍያው እንዲቀንስ በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል። ባንኩ እሺ እንዲል የሚያስገድደው ነገር ባይኖርም፣ የተበላሸ ብድር ለእሱም ሸክም ነውና ጊዜው ሳያልፍ፣ ተጨባጭ የመክፈያ ዕቅድ ይዞ የመጣን ደንበኛ ለማነጋገር ምክንያት አለው። ቃል ግን ቃል ነው፤ «ሥራ አስኪያጁ አይዞህ ብሎኛል» ማለት አይረዳም። የተጠየቀውም፣ የተመለሰውም በወረቀት ይሁን፤ ቅጂውም ማኅተምና ቀን ይኑረው።

ሦስተኛው ጊዜ የ30 ቀኑ ማስጠንቀቂያ በደረሰበት ዕለት ነው። በማግሥቱ አላልንም፤ በዕለቱ ነው ያልነው። 30 ቀን ሲሰሙት ብዙ ይመስላል። እሑዱንና በዓሉን ቀንሱለት፤ ሰነድ ለማሰባሰብ፣ ጠበቃ ለመምረጥ፣ ውክልና ለመስጠት፣ ጠበቃው መዝገቡን አንብቦ ደብዳቤ እስኪጽፍ ያለውን አስቡ። የቀረው ስንት ነው? ሰው ያ ሁሉ አልፎ ጋዜጣ ላይ ስሙን ሲያይ ይደነግጥና ጠበቃ ፍለጋ ይሮጣል። ይህ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ከሚባለው አይለይም።

ጠበቃው ምን ሊሠራ ይችላል?

አንዳንዱ ሰው ጠበቃ ማለት ፍርድ ቤት ቆሞ የሚከራከር ብቻ ይመስለዋል። በሐራጅ ጉዳይ ግን ብዙው ሥራ ከፍርድ ቤት ውጭ ያለው ነው። ጠበቃው የብድር ውሉን፣ የመያዣ ውሉንና ምዝገባውን ይመረምራል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ የቤት መያዣ ምዝገባ የሚጸናው ለ10 ዓመት ስለሆነ፣ ብድሩ የቆየ ከሆነ ምዝገባው መታደሱን ያያል። የሂሳብ መግለጫ ከባንኩ ጠይቆ ዋናው ዕዳ፣ ወለዱና ቅጣቱ በውሉ መሠረት መሰላቱን ያጣራል። ማስጠንቀቂያው ለትክክለኛው ሰው፣ በትክክለኛው አድራሻ መድረሱን፣ 30 ቀኑም መሙላቱን ይቆጥራል።

በጋዜጣ የወጣውንም ማስታወቂያ ቃል በቃል ያነባል። በማስታወቂያው ላይ እንደተለመደው የተበዳሪው ስም፣ የመያዣ ሰጪው ስም፣ ቤቱ የሚገኝበት ቦታ፣ የይዞታ ማረጋገጫው ቁጥር፣ የቦታው ስፋት፣ የመነሻው ዋጋና የሐራጁ ቀንና ሰዓት ይሰፍራሉ። ስፋቱ ተሳስቶ ቢጻፍ፣ ፎቁ ምድር ቤት ተብሎ ቢገለጽ፣ መነሻ ዋጋው ከአካባቢው ገበያ እጅግ የራቀ ቢሆን፣ ያንን ወዲያውኑ በጽሑፍ መቃወም ያስፈልጋል። ዝም ብሎ ቆይቶ በኋላ «ርካሽ ተሸጠብኝ» ማለት ክርክሩን ያዳክማል።

ሌላም መንገድ አለ፣ ብዙ ሰው የማያስበው። ዕዳውን መክፈል እንደማይቻል ከታወቀ፣ ባንኩን አስፈቅዶ ባለቤቱ ራሱ ገዢ ፈልጎ ቤቱን በገበያ ዋጋ ሸጦ፣ ከሽያጩ የባንኩን ዕዳ ከፍሎ ቀሪውን መያዝ ይችላል። በሐራጅ የሚቀርብ ተጫራች ከመነሻው ዋጋ አንድ አራተኛውን በባንክ ክፍያ ማዘዣ፣ ሲፒኦ በሚባለው፣ እንዲያስይዝና ቀሪውን በአጭር ቀን እንዲከፍል ስለሚጠየቅ፣ እንደልቡ ገንዘብ ያለው ሰው ካልሆነ አይገባበትም። ገዢው ሲያንስ ዋጋው ይወርዳል። ከሐራጁ የተረፈ ገንዘብ ካለ ለባለቤቱ መመለስ አለበት፤ ሽያጩ ዕዳውን ካልሸፈነ ደግሞ ቀሪው ዕዳ ተበዳሪውን ይከተለዋል። ቤት ሄዶ ዕዳ ሲቀር ያ ነው ክፉው። ስለዚህ አንድ ቤት በስንት ይሸጣል የሚለው ጥያቄ የኩራት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ባለትዳሮች በተለይ ልብ ይበሉ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 68 የጋራ የሆነውን ቤት ለመሸጥም ሆነ በመያዣ ለመስጠት የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት እንዲኖር ይጠይቃል። አንዱ ሳያውቅ ሌላው ቤቱን አስይዞ እንደሆነ፣ ያልተስማማው ወገን ግዴታው እንዲፈርስ ፍርድ ቤትን መጠየቅ ይችላል። ነገር ግን ባወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ ያም ሆነ ይህ ግዴታው ከተገባ ከ2 ዓመት በፊት መጠየቅ አለበት። ሚስት ሳታውቅ በኪስ የሚዞር ደብዳቤ ምን ያህል ጉዳት እንዳለው ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የግለሰብ አበዳሪ ባንክ አይደለም

ከላይ የተጠቀሰው የ1990ው አዋጅ መብት የሰጠው ለባንክ ነው። በየሰፈሩ በወለድ የሚያበድር ግለሰብ ይህ መብት የለውም፤ ለእሱ ቁጥር 3060 እንደጸና ነው። «ካልከፈልክ ቤትህ የኔ ነው» የሚል ውል ቢያስፈርም ዋጋ የለውም። የፍትሐ ብሔር ሕጉም በግለሰቦች መካከል የሚደረግ ብድር ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ወስኗል፤ አራጣም በወንጀል ሕጉ የሚያስቀጣ ነው። ይህን የሚያውቁ አራጣ አበዳሪዎች ግን ዘዴ አላቸው። የብድር ውል ሳይሆን የቤት ሽያጭ ውል ያስፈርማሉ፤ ወይም የመሸጥና የመለወጥ ሥልጣን የሚሰጥ ውክልና ያስወስዳሉ። ተበዳሪውም «ስከፍል ይቀደድልኛል» ብሎ ያምናል። እባካችሁ፣ ያልሸጣችሁትን ቤት ሸጥን ብላችሁ አትፈርሙ። የፈረመ ካለም ዛሬውኑ ጠበቃ ያማክር፤ ይህ ለነገ የሚባል ነገር አይደለም።

ጠበቃ እንዴት ይመረጣል?

አንደኛ፤ ፈቃዱ ይታይ። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች የጥብቅና ሥራ የሚሠራ ሰው በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1249 መሠረት ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ፈቃድዎን ያሳዩኝ ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ እውነተኛ ጠበቃም አይቀየምም። ከተጠራጠርን ፍትሕ ሚኒስቴር ሄደን ማጣራት እንችላለን። ቤቱ ያለው ከአዲስ አበባ ውጭ ከሆነ ደግሞ ጠበቃው በዚያ ፍርድ ቤት ለመቆም የሚያስችል ፈቃድ እንዳለው ይጠየቅ። በፍርድ ቤት በር ላይ ቦርሳ ይዞ የሚንጎራደድ ሁሉ ጠበቃ አይደለም።

ሁለተኛ፤ የባንክ ብድርና የሐራጅ ጉዳይ ይዞ ያውቃል ወይ? ጥሩ የወንጀል ጠበቃ የሆነ ሰው ስለ መያዣ ምዝገባ ላያውቅ ይችላል። የጥርስ ሐኪም ለዓይን አይሄዱበትም። ያለፈ ልምዱን ይጠይቁት፤ መልሱን ሲሰሙ ይገባዎታል።

ሦስተኛ፤ ለዚያው ባንክ ይሠራ እንደሆነ ይጠየቅ። ለባንኩ የሚሠራ ጠበቃ በዚያው ጉዳይ ለእኛ ሊቆም አይገባውም። በግልጽ ጠይቀነው በግልጽ ይመልስልን።

አራተኛ፤ ቅርበት ያለው ይሁን። ቅርበት ስንል የሥጋ ዝምድና ማለታችን አይደለም። ስልክ ስንደውል የሚያነሣ፣ ወደ ባንኩ ቅርንጫፍና ወደ ፍርድ ቤቱ ራሱ የሚሄድ፣ የአካባቢያችንን የቤት ዋጋ የሚያውቅ ማለታችን ነው። ስሙ የገነነ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ የማይገኝ ጠበቃ ለሐራጅ ጉዳይ አይበጅም።

አምስተኛ፤ «አሸንፍልሃለሁ»፣ «ዳኛው ጓደኛዬ ነው»፣ «ባንክ ውስጥ ሰው አለኝ» የሚለውን ሸሹት። ሐቀኛ ጠበቃ የሚያስደስተንንም የሚያስከፋንንም ይነግረናል። «ይህ ቤት አይድንም፣ ግን ዋጋውን እናድን» የሚል ጠበቃ ከሐሰተኛ ተስፋ ሰጪ ይሻላል።

ስድስተኛ፤ ውሉ በጽሑፍ ይሁን። ጠበቃው የሚሠራው ሥራ ምንድን ነው? ምክር ብቻ ነው፣ ከባንኩ ጋር መደራደር ነው፣ ወይስ ክስም ይጨምራል? ክፍያው ስንት ነው፣ መቼ መቼ ይከፈላል? የዳኝነት ክፍያ የማን ነው? ይግባኝ ቢኖርስ? ይህ ሁሉ ሳይጻፍ ገንዘብ አይሰጥ፤ ለተሰጠውም ደረሰኝ ይያዝ።

ሰባተኛ፤ ውክልናው ይለካ። ለጠበቃ የሚሰጥ ውክልና በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ቀርቦ ሲፈረም፣ በውስጡ የተጻፈውን ቃል በቃል አስነብቡ። ጠበቃ ለመከራከር፣ ለመጻጻፍና ሰነድ ለማውጣት ሥልጣን ያስፈልገዋል። ቤት የመሸጥ፣ የመለወጥና ገንዘብ የመቀበል ሥልጣን ግን አያስፈልገውም። በእርቅ የመጨረስ ሥልጣን የሚሰጥ ከሆነም ታስቦበትና ተነጋግሮበት ይሁን። ዋናው ሰነድ ቤት ይቀመጥ፤ ለጠበቃው ቅጂ ይበቃዋል።

ገንዘብ የሌለውስ?

«ለባንኩ የምከፍለው አጥቼ ለጠበቃ ከየት አመጣለሁ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። መልስ ግን አለው። የአንድ ጊዜ ምክር የሙሉ ክርክርን ያህል አያስከፍልም፤ ብዙውን ጊዜ ደግሞ መጀመሪያ የሚያስፈልገው እሱ ነው። አቅም ለሌላቸው ነፃ የሕግ አገልግሎት የሚሰጡ ጠበቆችና የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች አሉ። ለሴቶች የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ከተመሠረተበት ጊዜ ጀምሮ ነፃ ምክርና ድጋፍ ሲሰጥ የቆየ ድርጅት ነው። ክስ መመሥረት ካስፈለገና የዳኝነት ክፍያ ከአቅም በላይ ከሆነ ደግሞ፣ የሥነ ሥርዓት ሕጉ በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ይፈቅዳል። አቅም ማጣት መብት ማጣት ማለት አይደለም።

በስብሰባ ስለ ቀረበው ሐሳብ

ከአባላት መካከል «ማኅበሩ ከአንድ ጠበቃ ጋር ተዋውሎ የሐራጅ ጉዳይ ያለበትን አባል ሁሉ ወደ እሱ ይምራ፤ ጠበቃውም ከሚያገኘው ላይ ለማኅበሩ የሆነ ያህል ያዋጣ» የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ሐሳቡ ከቅን ልቦና የመነጨ መሆኑን እናውቃለን፤ የማኅበሩ ካዝናም ባዶ መሆኑ የተሰወረ አይደለም። ሆኖም አንቀበለውም። ማኅበሩ ከጎረቤቱ ጭንቀት ኮሚሽን መቁረጥ ከጀመረ ከደላላው በምን ይለያል? ነገ ጠበቃው ሥራውን ቢያጓድል ማን ደፍሮ ይናገረዋል? ደግሞም ጠበቃና ደንበኛ የሚገናኙት በመተማመን ነው፤ መተማመን ደግሞ በስብሰባ ድምፅ አይሰጥም።

በእኛ በኩል የሚከተለውን እናቀርባለን። ማኅበሩ ፈቃዳቸው የተጣራ፣ በባንክና በንብረት ጉዳይ የሚሠሩ ቢያንስ የሦስት አራት ጠበቆችን ስም ይዝገብ፤ ነዋሪው ከዚያ ራሱ ይምረጥ። ማኅበሩ ከማናቸውም አንዲት ሳንቲም አይቀበል። ማስጠንቀቂያ የደረሰው ነዋሪ ብቻውን እንዳይሆን ከሽማግሌዎቻችን መካከል ምስጢር የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች ይመደቡ፤ ሰነድ በማሰባሰብና ወደ ጠበቃ አብሮ በመሄድ ይርዱት። እንዲሁም የመያዣ ውል ለመፈረም የተዘጋጀ ሰው ውሉን ከመፈረሙ በፊት ለአንድ የሕግ ባለሙያ እንዲያሳየው በየስብሰባው ይነገር። ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ጊዜና የምላስ ቁጥብነት ነው።

ስለ ምላስ ካነሣን ዘንድ አንድ ቃል እንጨምር። የጎረቤታችን ቤት በጋዜጣ ሲወጣ «እሰይ፣ በርካሽ ይገኛል» ብለን ስንቋምጥ፣ ወይም በቡና ላይ «ሰማችሁ?» ብለን ስንጀምር፣ ቀጣዩን ባለዕዳ ደብዳቤውን እንዲደብቅ እያስተማርነው ነው። ማንም ሕጋዊ ገዢ በሐራጅ መግዛት ይችላል፤ ያንን አንከለክልም። የጎረቤትን ጭንቀት ማሳቂያ ማድረግ ግን ለማንም አልተፈቀደም። ዛሬ በእሱ ደጃፍ የቆመው ነገ በማን ደጃፍ እንደሚቆም አይታወቅም። ሥራ ይጠፋል፣ ንግድ ይከስራል፣ ሰው ይታመማል።

በመጨረሻም፣ ብድር ያለብን ሁሉ ይህን ጽሑፍ አንብበን ስንጨርስ ቤታችን ገብተን ሦስት ነገር እናድርግ። የብድርና የመያዣ ውላችንን ከሣጥን እናውጣና «ሐራጅ» የሚል ቃል ያለበትን ገጽ እንፈልግ። ባንኩ የሚያውቀው አድራሻችንና ስልካችን ዛሬ ያለን መሆኑን እናጣራ፤ ቤት የቀየረ ሰው በአሮጌ አድራሻው የሚላክለትን ማስጠንቀቂያ ላያየው ይችላልና። ከዚያም ለትዳር ጓደኛችን ዕዳችን ስንት እንደቀረ በግልጽ እንንገር። ማስጠንቀቂያ የደረሰው ካለ ደግሞ ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ይምጣ። የማኅበሩ በር ክፍት ነው፤ የሚሰማው ነገርም ከዚያ በር አይወጣም።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ቅጠሉ በእጃችን ሳለ እንጠቀምበት።